ሀላፊነት የበዛበት ልጅ ሲያድግ

ስለ ከባድ አስተዳደግ በተወራ ቁጥር የሚነሳው "እስከ መቼ በልጅነትህ ታሳብባለህ፣ ሀላፊነት ውሰድ እንጂ" የሚለው ነው። ለብዙ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል። የኔ ችግር ግን ተቃራኒው ነበር፣ የኔ ያልሆነውን ሁሉ መሸከም ነው ማቆም ያቃተኝ፣ እና ከዛ ቀስ በቀስ እንዴት እንደወጣሁ (ሙሉ በሙሉ ወጥቻለሁ አልልም) ልጻፈው ብዬ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያ ልጅ የሆናችሁ ቶሎ ይገባችኋል።

አባቴ ይጠጣ ነበር። እናቴ ደግሞ ለሳምንታት ከአልጋ የማትነሳበት ጊዜ ነበራት፣ ያኔ "ደክሟት ነው" ነው የሚባለው፣ ድብርት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ታናናሾቼን ማጠብ፣ ማብላት፣ ደብተራቸውን ማየት የኔ ሥራ ነበር። እውነቱን ለመናገር እሱ አልነበረም ከባዱ፣ ከባዱ ማታ ነው። አባቴ ሲመጣ የቁልፉን ድምፅ አዳምጣለሁ። ቁልፉ ቀዳዳውን ባንዴ ካገኘው ሰላም ነው። ብረቱን ከጫጫረ፣ ከወደቀበትና ዝም ካለ ግን ቲቪውን አጠፋለሁ፣ ትንንሾቹን ልብሳቸውን ሳያወልቁ አልጋ ውስጥ ከትቼ እስከ አንገታቸው እሸፍናቸዋለሁ፣ የእናቴን ክፍል እዘጋለሁ፣ ከዛ ፈገግ ብዬ ሄጄ እከፍትለታለሁ። ዋናው ሥራ ፈገግታው ነበር። ዘመድ ሲመጣ "ይቺ ልጅ እኮ እንደ ትልቅ ሰው ናት፣ የቤቱ ምሰሶ" ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ሙገሳ ማን ይጠላል።

ሥራ ስይዝ ይሄ ሁሉ እንደ ጉብዝና ተቆጠረልኝ። አለቃዬ በሩን ከዘጋበት ድምፅ ቀኑ እንዴት እንደሚውል አውቃለሁ፣ ሚቲንግ ላይ ማን እንደከፋው ከማንም ቀድሞ ይገባኛል፣ ሌላው ያንጠለጠለውን ሥራ አንስቼ እጨርሳለሁ። እድገትም አግኝቼበታለሁ አልክድም። ከሥራ ውጪ ግን ወንድሜ እዳ ውስጥ ሲገባ ከፋይዋ እኔ፣ እህቴ ከባሏ ስትጣላ አስታራቂዋ እኔ፣ ፍቅረኛዬ ትንሽ ዝም ካለ "ምን አጠፋሁ" እያልኩ ሰውየውን መቀመጫ የማሳጣው እኔ። እንቅልፍ የለም። ደግሞ ውስጥ ውስጡን ሁሉም ላይ ቂም ነበረኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የዋልኩትን ውለታ እየቆጠርኩ እይዝባቸው ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ማንበብ ነው፣ እሱም መጀመሪያ ላይ አባሰብኝ። ፌሊቲ እና አንዳ የተባሉ አሜሪካዊ ሀኪሞች በፈረንጆቹ 1998 ያወጡት ጥናት አለ፣ ጥናቱ በጠቅላላው ከ17,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው የጠየቀ ነው፣ እና በልጅነት መጥፎ ገጠመኝ በበዛ ቁጥር የድብርት፣ የሱስ፣ የልብ በሽታ ሪስክ አብሮ ይጨምራል ነው የሚለው። ከሱ የመጣውን 10 ጥያቄ ኦንላይን ሞልቼ ነጥቤን ሳየው በቃ አለቀልኝ አልኩ። ቆይቶ ነው ያው አንዳ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር በ2020 የጻፈውን ያገኘሁት፣ ነጥቡ የብዙ ሰውን ሁኔታ ለማጥናት እንጂ የአንድን ሰው እጣ ለመተንበይ አይሆንም ይላል። ይሄን ነጥብ እየሞላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ እሱንም አንብቡ። ከ10ሩ ውስጥ ደግሞ "በልጅነቷ ቤት ያስተዳደረች" የሚል ጥያቄ የለም።

ይሄ ራሱን የቻለ ጉዳይ መሆኑን የነገረችኝ የማማክራት ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ባለሙያ) ናት። ልጅ ወላጅ፣ ወላጅ ልጅ የሚሆንበት ቤት ማለት ነው፣ የቤተሰብ ቴራፒስቶች ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ጀምሮ የጻፉበት ጉዳይ ነው። ሁለት አይነት ሸክም አለ አለችኝ፣ አንዱ የእጅ ሥራ፣ ሌላው የወላጅን ስሜት መሸከም፣ እና ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። የቁልፉ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ማጠቡና ማብላቱማ ጠቅሞኛል! ኤሚ ወርነር የተባለች ተመራማሪ ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአስርት ዓመታት ተከታትላለች፣ በጣም ከባድ ኑሮ ውስጥ ካደጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው ወጡ፣ ከሚጋሯቸው ነገሮች አንዱ የሚቀርባቸው ቢያንስ አንድ የተረጋጋ አዋቂ መኖሩ ነው፣ ሌላው ቤት ውስጥ የሚያግዙት፣ እነሱን የሚጠብቅ ሥራ መኖሩ። "ችግር ያጠነክራል" የሚለውን አባባል አልወደውም፣ እኔን ያጠነከረኝ ችግሩ ሳይሆን ደብተሬን እያየች "ዛሬ አንቺስ እንዴት ነሽ" የምትለኝ የጎረቤታችን ሴትዮ ናት።

ራሴን ወደ መቀየሩ ስመጣ፣ የጀመርኩት "እሺ" ከማለቴ በፊት መዘግየትን ነው። ሌላ ጥበብ የለውም። ወንድሜ ማታ ደውሎ "እትዬ፣ የመጨረሻ ጊዜ ነው፣ ነገ ካልከፈልኩ ጉድ ነኝ" ሲለኝ "ነገ ልደውልልህ" ብዬ ዘጋሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ደረሰ፣ ልክ በር ላይ ቁልፍ እንደሚጫጫር። በፍርሃት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ለስትሬስ ቶሎ እንደሚነሳ አንብቤ ስለነበር ይሄ ትክክለኛ አደጋ አይደለም፣ ሰውነቴ ነው፣ እያልኩ ተቀመጥኩ። ምንም ሳላደርግ በረደልኝ። እዚህ ጋር ነው ለኔ ሁሉም የተቀየረው፣ ያን ስሜት ለማብረድ ስል ነበር ለካ ስከፍል የኖርኩት፣ ለወንድሜ ብዬማ ቢሆን መጀመሪያ ሥራ ፈልግ እለው ነበር። ጠዋት ደውዬ አልከፍልም አልኩት። "ተቀይረሻል" ብሎ አኮረፈኝ፣ ለወራት። እዳውን እንዴት እንደጨረሰው እስካሁን አልነገረኝም፣ አለመጠየቅ ከአለመክፈሉ በላይ ከብዶኛል።

ከፍቅረኛዬ ጋር ያደረግነው ቀላል ነው፣ ዝም ሲል አንዴ እጠይቀዋለሁ፣ "ደክሞኝ ነው" ካለኝ ደክሞት ነው። (ቃሉ ራሱ ከእናቴ ጋር ስለሚገናኝ መጀመሪያ ላይ አላምነውም ነበር።) ቂሙን ግን ማንም ላይ ማላከክ አልቻልኩም። ፈገግታዬ በልጅነቴ የተገደድኩበት ነው፣ አሁን ግን ትልቅ ሰው ነኝ፣ እየሳቅኩ "እሺ" ብዬ ከኋላ ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ማድረግ የማልፈልገውን ፊት ለፊት አልፈልግም ማለት የኔ ድርሻ ሆነ። አንዳንድ ጓደኛ ቀንሶብኛል።

እናቴ ላይ ግን መስመሩ አሁንም ይጠፋብኛል። አሁን አርጅታለች፣ መታመሟም አልቀረም፣ እሷን መንከባከብ የኔም ነው፣ ግን የኔ ብቻ አይደለም፣ ሦስታችን ተራ አውጥተናል። ባለፈው የእህቴ ተራ ነበር፣ ረስታው የሐኪም ቀጠሮው አለፈ፣ እናቴም የደወለችው ለኔ ነው። የመኪናዬን ቁልፍ አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩትና "እማዬ፣ ለሷ ደውይላት" አልኳት፣ እህቴ እያጉረመረመች ሌላ ቀጠሮ አስያዘች፣ በቀጠሮውም ቀን ራሷ ወሰደቻት።