የልጄ አባባሎች ደብተር፦ እስካሁን የተማርኩት

ልጄ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የምትላቸውን ነገሮች በደብተር እይዛለሁ። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ደብተሩም ወፍሯል። ከእናንተም የልጆቹን አባባል መመዝገብ የጀመረ ስላለ፣ እኔ ጋ ምን እንደሠራልኝና አሁን ምን ላይ እንዳለሁ ላካፍላችሁ።

ዋናው ሕጌ ያለችውን ልክ እንዳለችው መጻፍ ነው። ቃሉ ቢሰበርም አላቃናውም። ቁልፍ ለማለት «ቁፍል» ካለች «ቁፍል» ተብሎ ይገባል። ደግሞም በዚያው ቀን መሆን አለበት። ትልቅ ሰው ከሰማው ነገር የሚቀርለት ሐሳቡ ነው፣ ቃሉ ቶሎ ይጠፋል። ካደረ ጭንቅላታችን አርሞ ያስቀምጠዋል። ለሰው ስናወራው ደግሞ እያሳመርነው እንሄዳለን። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ የልጅቷ ንግግር የእኛ ሆኗል።

ከእሱ ቀጥሎ የምጠነቀቅለት ከእሷ በፊት የተባለውን መጻፍ ነው። የልጅ ወግ ብቻውን ሲቆም ብዙ ጊዜ አይገባም። አንዱን ገጽ እንዳለ ላስነብባችሁ፦

«3 ዓመት ከ2 ወር። ማታ፣ አልጋ ላይ። እኔ፦ ትናንት አንቺን ሳስተኛ እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ። እሷ፦ የት ወሰደሽ? እኔ፦ የትም። እሷ፦ (ተነስታ ተቀምጣ) እኔንስ ለምን አልወሰደኝም?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሳነባት ምንም አትለኝም ነበር። በቅንፍ ያለችውን «ተነስታ ተቀምጣ» የምትለዋን ደግሞ በጣም እወዳታለሁ። ተጋድማ የነበረች ልጅ ነገሩ ከንክኗት ነው የተነሳችው። ግንባሯ ኮስተር ብሏል። እንቅልፍ እናቷን ይዞ የሆነ ቦታ ሄዶ እሷን ትቷታል፤ ለእሷ የተፈጸመው ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ራሳችንን መስማት ጀመርን። «ዝናብ ጣለ» ስንል «ማነው የጣለው?» ትላለች። «እንቅልፍ መጣብኝ» ስል ዞር ብላ በሩን አይታለች። አማርኛችን እንዲህ ባሉ አነጋገሮች የተሞላ ነው፣ እኛ ግን ስለለመድናቸው አንሰማቸውም። የልጅ ጆሮ ገና አዲስ ነው። ቃሉን እንደ ቃሉ ይቀበለዋል።

ደብተሩ ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘው ግን የ«ና» ታሪክ ነው። ይህን በደንብ ላውራው።

መጀመሪያ ላይ አባቷን «አባዬ ነይ!» ነበር የምትለው። ቤት ውስጥ ለእሷ የሚባለው «ነይ» ስለሆነ፣ ሰው የሚጠራበት ቃል ይኸው ነው ብላ ይዛዋለች። በዚያው ሰሞን የሆነ ነገር ስትፈልግ እጇን ዘርግታ «እንኪ!» ትለን ነበር። ምክንያቱ ያው ነው። አንድ ነገር እጇ ላይ በደረሰ ቁጥር የምትሰማው «እንኪ» ነው፣ ስለዚህ «እንኪ» የተባለ ጊዜ ዕቃ ይመጣል። ቆይታ ለወንድ «ና» እንደሚባል ለየች። አባቷም ደስ አለው፣ እኔም «ገባት» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከጓዳ «አባዬ ምጣ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ምጣ» የሚል ሰው ቤታችን የለም። ከማንም አልሰማችውም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን መንገዱ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ወጣ ሲል «ውጣ» ይባላል። በላ ሲል «ብላ» ይባላል። ታዲያ መጣ ሲል «ምጣ» የማይባለው ለምንድን ነው? ልጅቷ ደንቡን አግኝታዋለች። ከደንቡ ያፈነገጠው ቋንቋው ነው። ትናንት በትክክል ትለው የነበረውን ዛሬ ስታበላሸው ወደ ኋላ የሄደች ይመስላል፣ ነገር ግን አድጋ ነው። በፊት የሰማችውን ነበር የምትደግመው። አሁን ራሷ እየሠራች ነው።

ይህን በጥናት ያሳየችው ጂን በርኮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት፣ በ1958 እ.ኤ.አ.። ለልጆች የማያውቁትን ፍጡር ሥዕል አሳይታ «ይህ ዋግ ይባላል፤ አሁን ሌላ መጣ፣ ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» ትላቸዋለች። ልጆቹ ሰምተውት ለማያውቁት ቃል የብዙ ቁጥር ቅጥያውን ጨምረው ይመልሳሉ። ቅጂ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። እኔም ቤት ሞከርኩት። አንድ እንስሳ ስዬ «ቢፋ» አልኩት። «ሁለት ምን?» ስላት «ሁለት ቢፋ» አለችኝ። ልክ ናት፤ በአማርኛ ከቁጥር በኋላ ነጠላው ይሄዳል። ጥያቄዬን «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ወደሚል ቀየርኩት። ሳታመነታ «ቢፋዎች!» አለች። የምትሞክሩት ካላችሁ በዚህኛው አጠያየቅ ሞክሩት።

«ምጣ» ስትል አላርማትም ነበር። ትክክለኛውን ቃል በመልሴ ውስጥ አስገብቼ እላታለሁ፦ «እሺ፣ አባዬ ና እንበለው?» ጨዋታው አይቋረጥም፣ ጆሮዋም ልክ የሆነውን ይሰማል። ለተወሰነ ጊዜ «ና» እና «ምጣ» ተቀላቅለው ኖሩ። በኋላ «ምጣ» ጠፋች። የመጨረሻዋ በየትኛው ቀን እንደተባለች ደብተሩ ላይ አለች፣ ብቻ ያን ቀን የመጨረሻዋ መሆኗን አላወቅኩም። የልጅ አባባል ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም።

ስለ ጊዜ የምትላቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ያለፈው ሁሉ ትናንት ነው፣ የሚመጣው ሁሉ ነገ። «ነገ ሄድን አይደል?» ማለት ትችላለች። ከሁሉ የማልረሳው ይኼ ነው፦ «እማዬ፣ እኔ ሳድግ አንቺ ትንሽ ትሆኛለሽ። ያኔ እኔ አቅፍሻለሁ።» ማደግ ለእሷ ወረፋ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ያለችው ለማጽናናት በሚመስል ድምፅ ነበር። በዚህ ገጽ ጠርዝ ላይ «ፀጉሬን እየዳሰሰች» ብዬ ጽፌያለሁ።

የጨረቃዋን ብዙዎቻችሁ ቤትም ያለች ይመስለኛል። ማታ መኪና ውስጥ ሆና «ጨረቃ እየተከተለችን ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሌሎቹ ሰዎችስ ጨረቃ የላቸውም?» ስዊዘርላንዳዊው የልጆች ሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ልጆችን ሲጠይቅ ብዙዎቹ ጨረቃ እንደምትከተላቸው ነግረውታል። ነገሩ እውነትም እንደዚያ ይመስላል። ጨረቃ ከእኛ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የእኛ ጥቂት መንገድ አቅጣጫዋን አይለውጥም። ዛፉና ቤቱ ወደ ኋላ ሲቀሩ እሷ አትቀርም። ልጅቷ ያየችው ትክክል ነው፣ የቀራት ርቀቱ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጽሑፍ የማይችለው ነገር አለ። ፊደላችን ለልጅ አፍ ምቹ ነው፣ የተሰበረውንም ድምፅ እንደተሰበረ ይጽፋል። ማጥበቅና ማላላትን ግን አያሳይም። አንድ ቀን የሥዕል መጽሐፍ ሲያዩ አባቷ ስለ አሳ «ይበላል» አላት፣ «በ»ን አጥብቆ፤ ሰው ይበላዋል ለማለት። እሷ ወዲያው «በ»ን አላልታ «ምን ይበላል?» አለችው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ጠርዙ ላይ «ይጠብቃል» ወይም «ይላላል» እላለሁ። ስልክ ላይ መቅዳትም ጥሩ ነው፣ ግን ስልኩ ከታየ ወሬው ይቆማል ወይም ትርኢት ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ስሄድ ነው ጥሩ ድምፅ የሚገኘው።

በመሳቅ ጉዳይ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። እነዚህን ነገሮች ስትናገር ልጅቷ እየቀለደች አይደለም። ፊት ለፊቷ ከተሳቀ ታፍራለች፣ ሌላ ጊዜም አትጠይቅም። እንደ ማንኛውም ሰው ጥያቄ መልስ እሰጣታለሁ፣ ሳቁ እሷ ከተኛች በኋላ ይደርሳል።

ቶሎ ቶሎ ማንበብም ጀምረናል። አብዛኛው ሰው አድጎ ከ3 ዓመቱ በፊት የነበረውን አያስታውስም። ልጆች ግን 5 እና 6 ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ብዙውን ይዘውት ይቆያሉ፣ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይረሳ አብረን እናነባለን። አንዳንዱን «አዎ፣ ያኔ እኮ…» ብላ ታስረዳኛለች፣ ያልጻፍኩትንም ትጨምርልኛለች። እሷ የጨመረችውን በሌላ ቀለም እጽፋለሁ፣ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይቀላቀል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በ1839 እ.ኤ.አ. ስለተወለደ የመጀመሪያ ልጁ የያዘውን ማስታወሻ ያሳተመው በ1877 ነው። ሕፃኑ 1 ዓመት ሲሞላው ለምግብ የራሱን ቃል «ማም» ብሎ መፍጠሩን የምናውቀው አባትየው በጊዜው ስለጻፈው ነው።

ለሰው የማሳየው ደግሞ እሷ የፈቀደችውን ብቻ ነው። እዚህ ያሉትን ሁሉ አንብቤላት እሺ ብላለች። አንዲት ነበረች፣ «ያቺን አይሆንም» አለች፣ ስለዚህ የለችም።

አሁን የተያያዝኩት የድሮ የድምፅ ቅጂዎችን ወደ ወረቀት ማውረድ ነው። ቀን ያልተጻፈባቸው አስቸግረውኛል፤ ዕድሜዋን የምገምተው ከአባባሏ ነው። «ነይ» ለአባቷ ካለች አንደኛው ክምር፣ «ምጣ» ካለች ሁለተኛው። ልጆቻችሁ ሁለት ቋንቋ እየቀላቀሉ የሚያወሩ ካላችሁ እንዴት እንደምትጽፉት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው ቋንቋ አሁን ትምህርት ቤት እየገባላት ነው፣ ደብተሩም ላይ መታየት ጀምሯል።