ቅጠሉ ሳይጠወልግ ቀዳዳውን ይዘጋል፦ በጥፍር ቀለም እንዴት እንዳየሁት

ተክል ውሃ ሲያጥረው በቅጠሉ ላይ ያሉትን፣ ውሃ ተንኖ የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ባዮሎጂ ክፍል ተምረነዋል፣ ለፈተና ሸምድደነዋል፣ አለቀ። እኔን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፦ የሚዘጋው መቼ ነው? ቅጠሉ ከጠወለገ በኋላ ነው ወይስ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ? አዳማ ፀሐይ ሥር ጓሮውን ለሚያጠጣ ሰው ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ አብዛኞቻችን ውሃ የምናጠጣው ቅጠሉ ሲዝል አይተን ነውና።

የመረጥኩት ቦሎቄ ነው። ቶሎ ይበቅላል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ደግሞም እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙው ገበሬ ዝናብ ጠብቆ የሚዘራው ሰብል ነው። እኩል በሆኑ ሁለት ባልዲዎች ተመሳሳይ አፈር ሞልቼ ዘራሁ። ቅጠሎቹ ሲሰፉ ሁለቱንም እስኪጠግቡ አጠጣሁና ከዚያ በኋላ አንዱን ብቻ ማጠጣት ቀጠልኩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የባልዲውን አፍ በፌስታል ሸፍኜ ግንዱ ሥር ላላ አድርጌ አስሬዋለሁ። እንደዚያ ሲሆን ውሃው በአፈሩ በኩል አይተንም፤ የሚወጣው በተክሉ በኩል ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ በዲጂታል ሚዛን መመዘን ነው እንግዲህ። አንድ ግራም ከቀነሰ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ በቅጠሉ ወጣ ማለት ነው።

መልሱን መጀመሪያ የነገረኝ ሚዛኑ ነው። ውሃ ያልጠጣው ቦሎቄ በቀን የሚያወጣው ውሃ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። ቅጠሉ ግን አልጠወለገም! ሁለቱን ባልዲ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ብትጠይቁኝ የትኛው እንደተጠማ በዓይን መለየት አይቻልም ነበር።

ከዚያ ወደ ማይክሮስኮፑ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ቅጠሉን ከተክሉ ሳልቆርጥ፣ በጀርባው በኩል መስታወት የሚመስለውን ቀለም የለሽ የጥፍር ቀለም ስስ አድርጌ ቀባሁ። ሲደርቅ ስኮች ፕላስተር ለጥፎ ቀስ ብሎ መላጥ፣ ከዚያ ስላይድ ላይ መለጠፍ። የቅጠሉ ቆዳ ልክ እንዳለ ታትሞ ይወጣል። በ400 እጥፍ ሲታይ ቀዳዳዎቹ እንደ ከንፈር ትይዩ የሆኑ ሁለት ህዋሳት ናቸው። ጠባቂ ህዋሳት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ውሃ በጠጣው ቦሎቄ ላይ በሁለቱ መሀል ጥቁር ክፍተት በግልጽ ይታያል። በተጠማው ላይ ግን ቀጭን መስመር ብቻ። ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሄድኩ ብፈልግ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፤ እዚህም እዚያም ገርበብ ያለ አለ። እውነት ለመናገር ያን ቀን ከማይክሮስኮፑ መነሳት አቃተኝ።

እንዴት ነው የሚዘጋው? አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታል፤ ሥሩም ቅጠሉም። ሆርሞኑ ጠባቂ ህዋሶቹ ጋ ሲደርስ የሚቀበሉት ፕሮቲኖች አሉ፤ ተመራማሪዎች እነሱን ለይተው ያወቋቸው በ2009 ነው። ከዚያ በጠባቂ ህዋሶቹ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቃቅን መውጫዎች ይከፈቱና ክሎራይድና ማሌት የሚባሉ ጨው ነክ ቅንጣቶች ይወጣሉ፣ ፖታሲየምም ተከትሎ ይወጣል። ጨው ከወጣ ውሃም አብሮ ይወጣል። ተነፍተው የነበሩት ጠባቂ ህዋሶች ይሟሽሹና መሀላቸው ያለው ክፍተት ይገጥማል። ይሄ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባውም በዚያው ቀዳዳ መሆኑ ነው። ሥር ከሚስበው ውሃ ከ90 በመቶ በላዩ በቅጠል ተንኖ ይሄዳል፤ ያንን ለማዳን ሲል ተክሉ በሩን ዘግቶ ይራባል። እኛ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ስናይ ደህና ነው እንላለን፣ እሱ ግን ምግብ መሥራት ቀንሷል። ላብ እንደማያበርደው ሰውም ይሞቃል፦ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ቴርሞሜትር የዕቃ ሙቀት የሚለካበት ምርጫ ካለው፣ እኩል ፀሐይ ላይ ያሉ ሁለት ቅጠሎችን ለኩ። የተጠማው ሞቅ ይላል።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ጠብቁ። ቀትር ላይ አየሩ ሲደርቅ ውሃ የጠጣውም ቦሎቄ ቀዳዳውን ያጠብባል፣ ስለዚህ አንዱን ጠዋት ሌላውን 6 ሰዓት ላይ ብትቀቡ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ የሆኑ ቅጠሎችን ምረጡ። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ክፍል ውስጥ አትቀቡ፤ ከተቆረጠ ውሃ የሚያመጣለት ስለሌለ እዚያው እጃችሁ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ቲማቲም ፀጉራም ስለሆነ ቀለሙ ቆዳው ጋ በደንብ አይደርስም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ቅጠል አይቼ ማጠጣት ትቻለሁ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፤ ከታች ደረቅ ከሆነ አጠጣለሁ፣ ላዩን በደረቅ ሣር እሸፍናለሁ። በተቃራኒው ደግሞ ዱባ ቀትር ላይ ዝልል ብሎ ካያችሁ ወዲያው ውሃ ይዛችሁ አትሩጡ፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ማታ ራሱ ይነሳል።

ቀጥሎ የምሞክረው በለስ ነው፤ እሾሃሙ የቁልቋል በለስ። በለስ ሥራው ግልብጥ ነው፦ ቀዳዳውን የሚከፍተው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያኔ አስገብቶ አሲድ አድርጎ ያስቀምጥና ቀን ፀሐይ ሲወጣ በሩን ዘግቶ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የጥፍር ቀለሙን መቀባት ያለብኝ ከጨለመ በኋላ ነው፤ እሾሁን አስቀድሞ አራግፎ።