በሰነዱ 5፣ በብረቱ ኤስ

የአዲሱን መኪናዬን የኢንሹራንስ ቅጽ ስሞላ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም የመኪናው መለያ ቁጥር፣ መኪናው ላይ ካለው ጋር እንደማይገጥም አየሁ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በዳሽቦርዱ ጥግ፣ ከውጭ በሚነበበው ትንሽ ሳህን ላይ አሥረኛው ምልክት የላቲኑ ፊደል ኤስ ነው፤ በሊብሬውና በሽያጭ ደረሰኙ ላይ ግን በዚያው ቦታ 5 ቁጥር ተጽፏል። የቀሩት 16 ምልክቶች አንድም ሳይዛነፉ ይገጥማሉ። ሳህኑን በእጅ ባትሪ እያበራሁ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የኤስ አናት ክብ ነው፣ የ5 ግን ቀጥ ያለና ማዕዘን ያለው ስለሆነ በቅርብ ለሚያየው ሰው የሚያጠራጥር ነገር የለውም።

ለሻጩ ድርጅት ደውዬ ስነግራቸው የሽያጭ ክፍሉ ወጣት በትሕትና፣ «ጋሼ፣ አንድ ፊደል ናት እኮ፤ ማንም ልብ አይላትም፤ ምናልባት ወደፊት ሲሸጡት ያን ጊዜ ይስተካከላል» አለኝ። ክፋት እንዳልነበረው አምናለሁ፤ ነገር ግን ምክሩን መቀበል አልቻልኩም። አሥረኛው ቦታ እንዲሁ የተሞላ ቦታ አይደለምና። መኪናዬ በተሠራበት በቻይናም ሆነ በሰሜን አሜሪካ አሠራር ይህ ቦታ የመኪናውን የሞዴል ዓመት የሚናገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2009 ያሉት ዓመታት ከ1 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ሲወከሉ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከኤ የሚነሱ ፊደላት ተተክተዋል። በዚህ አቆጣጠር ኤስ 2025 ነው፤ 5 ግን 2005። እንግዲህ ወረቀቱን የሚያምን ሰው የእኔን መኪና የሚያውቀው 20 ዓመት እንዳገለገለ አሮጌ አድርጎ ነው። አደጋ ቢደርስ የካሳው ግምት ከመኪናው ዕድሜ ይነሳል፤ መለዋወጫ ሲታዘዝ የሚጠየቀው ይኸው ቁጥር ነው፤ የተሰረቀ መኪና ሲፈለግም በብረቱ ላይ ያለው ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሪውን የያዘው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ያልጻፈው፣ ያላተመው፣ ያልመዘገበው ባለቤት መሆኑ ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል።

ነገሩን በሚገባ ለማስረዳት በመጀመሪያ እኔው ልረዳው ይገባል ብዬ ስለ ቁጥሩ አሠራር ማንበብ ጀመርኩ። የዛሬው ባለ 17 ምልክት ቁጥር በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከእ.ኤ.አ. 1981 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ርዝመትና በራሱ ሥርዓት ይቀርጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች አምራቹን ያመለክታሉ፤ ከጄ የሚጀምር ከጃፓን፣ ከደብሊዩ የሚጀምር ከጀርመን፣ ከኤል የሚጀምር ከቻይና የወጣ ነው። የመጨረሻዎቹ የመኪናው ተራ ቁጥር ናቸው። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ በየትኛውም ቦታ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ አንድ ሰው የሌላውን ሰው ዓይን ድካም አስቀድሞ አስቦለታልና። ይሁን እንጂ ኤስ ከ5፣ ቢ ከ8 ጋር የሚያመሳስላቸው ቅርጽ አልተነካም፤ እኔን ያጋጠመኝም በዚያ በኩል የገባ ስሕተት ነው።

ለዚህም ቢሆን ጠባቂ ተቀምጦለታል። በቻይናና በሰሜን አሜሪካ ደንብ ዘጠነኛው ምልክት የማረጋገጫ ምልክት ነው። ፊደላቱ ሁሉ የቁጥር ዋጋ ይሰጣቸዋል፤ ኤ 1፣ ቢ 2 እያለ ሄዶ ኤስ ላይ ሲደርስ እንደገና 2 ይሆናል። የእያንዳንዱ ምልክት ዋጋ ለቦታው በተወሰነው ክብደት ይባዛል፣ ብዜቶቹ ይደመራሉ፣ ድምሩም ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ዘጠነኛው ቦታ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ ቀሪው 10 ከሆነ ኤክስ ይጻፋል። እርሳስና ወረቀት ይዤ ሠራሁት። የአሥረኛው ቦታ ክብደት 9 ስለሆነ ኤስ 18 ሲሰጥ 5 ደግሞ 45 ይሰጣል። በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ቀሪው 4 ወጣ፤ ዘጠነኛው ምልክትም 4 ነው። በሊብሬው ላይ ያለው ግን ቀሪው 9 ሆነ። የወረቀቱ ቁጥር ስሕተት መሆኑን ማንም ምስክር ሳይጠራ ራሱ ቁጥሩ ተናገረ ማለት ነው። ታዲያ ይህን ስሌት በአንድ አፍታ ሊሠራ የሚችል ኮምፒውተር በሻጩም በመዝጋቢውም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የገባለትን ሁሉ ዝም ብሎ መቀበሉ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው እላለሁ።

ቀጥሎ ያደረግሁት ብረቱ ከራሱ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ነበር። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን፣ ከፊት ወንበሩ ሥር በአካሉ ላይ የተመታውን፣ እንዲሁም መካኒኩ በመመርመሪያ መሣሪያ ከሞተሩ ኮምፒውተር ያነበበውን አስተያየሁ፤ ሁሉም ኤስ ይላሉ። ይህ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ። በመኪናው ላይ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ቢለያዩ ኖሮ ጉዳዩ የጽሕፈት ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ምናልባትም የተሰረቀ ወይም ከሁለት አካል የተበየደ መኪና ጥርጣሬ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ መሄድ የሚገባው ወደ ፖሊስ እንጂ ወደ ሻጭ አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው፣ ወረቀቱን ከማስተካከል ብረቱን ማስተካከል እንደሚቀል ነገረኝ። ይህን የሚያስብ ሰው ካለ አጥብቄ እለምነዋለሁ፤ ብረቱን አይንካው። የሻንሲ ቁጥርን መፋቅና መለወጥ በብዙ አገሮች ወንጀል ነው፤ ከወንጀልነቱም በላይ የመኪናውን ብቸኛ እውነተኛ ምስክር ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በኦክላሆማ ሲቲ ከደረሰው የቦምብ ፍንዳታ በኋላ መርማሪዎች ከፍርስራሹ ባገኙት የኋላ አክስል ላይ የተረፈው ቁጥር ነበር ቦምቡ ተጭኖበት ወደነበረው የኪራይ የጭነት መኪና የመራቸው። ወረቀት ይቃጠላል፣ ይጠፋል፣ በስሕተት ይተየባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ወረቀቱ ነው ወደ ብረቱ መምጣት ያለበት።

የእርምቱን መንገድ ያሳየችኝ በምዝገባ መሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ክፍል ያለች ሠራተኛ ናት። «ስሕተቱ መጀመሪያ የገባበትን ሰነድ ያግኙት፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይታረማል» አለችኝ። በዚሁ መሠረት ሻጩ የፋብሪካውን የምስክር ወረቀትና የመጫኛ ሰነዱን እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁ፤ ሁለቱም ኤስ ይላሉ። 5 የገባው ከዚያ በኋላ፣ ደረሰኙ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ሲተየብ ነው። ሊብሬው ደግሞ ከደረሰኙ ተገለበጠ። ሻጩ የጻፈው የመጀመሪያው ደብዳቤ «ቁጥሩ በስሕተት ስለተጻፈ እንዲታረም» ከማለት ያለፈ ፍሬ ነገር አልነበረውም፤ መሥሪያ ቤቱም መለሰው፤ መመለሱም ትክክል ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ቁጥር ሁለቱንም በሙሉ ጽፎ፣ የሞተር ቁጥሩን ጨምሮ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚያመለክቱት አንድና ያው መኪና መሆኑን በግልጽ ካልተናገረ ለሚፈርመው ሹም ምንም ዋስትና አይሰጠውም። በሁለተኛው ደብዳቤ ይህ ሁሉ ተካተተ።

ከዚያም መርማሪ መጣ። የፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ምንጣፉን ገልጦ፣ በቁራጭ ጨርቅ ቅባቱን ከብረቱ ላይ ጠረገ። ቀጭን ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ጎን ሲፈገፍግበት ምልክቶቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ጣቱን በእያንዳንዱ ላይ እያሳረፈ ጮክ ብሎ አነበበ፤ አሥረኛው ላይ ቆም አለና፣ «ኤስ» ብሎ ወደ እኔ ቀና አለ። ያንን ወረቀት ፈርሞና ማኅተም መትቶ ከፋይሉ ጋር አያያዘው። ሥራውን እንዲህ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ሳይ ለወራት የሚተርፍ ደስታ ይሰማኛል፤ ስሙን ባላውቀውም ምስጋናዬን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሲከናወን መኪናውን አላንቀሳቀስኩትም። ቤተሰቤ ማጋነን ነው ብለው ነበር፤ ነገር ግን ኢንሹራንሱ የተገባው ለሌላ ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ በመንገድ ላይ በሰው ላይ ጉዳት ባደርስ ተጎጂው ካሳውን ለማግኘት የሚደርስበትን ውጣ ውረድ ሳስብ መንዳት አልፈቀድኩም። የታረመው ሊብሬ እጄ ሲገባ በዚያው ዕለት ለኢንሹራንሱ ወስጄ፣ ውሉን በጽሑፍ እንዲያሻሽሉልኝና ትክክለኛው ቁጥር ከመጀመሪያው የውል ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ እንዲገልጹልኝ ጠይቄ አገኘሁ። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ካልተጻፈ ማሻሻያው የሚሸፍነው ከዕለቱ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው ሊባል ይችላልና።

አሁን የቀረኝ በአምራቹ የዋስትና መዝገብ ውስጥ የትኛው ቁጥር በስሜ እንደተመዘገበ ማረጋገጥ ነው። ይህ ከሁሉ የማይታየው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። አምራቾች ጉድለት ሲያገኙ መኪኖችን መልሰው የሚጠሩት በዚህ ቁጥር ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ጉድለት ያለባቸው ኤርባጎች (በግጭት ጊዜ የሚነፉ የአየር ከረጢቶች) ጉዳይ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ ማሳወቂያው ያልደረሰው ሰው ሊፈነዳ የሚችል ብረት ፊቱ ላይ ይዞ መንዳቱን ይቀጥላል። ሻጩ መዝገቡ ታርሟል ብሎ በስልክ ነግሮኛል። ሰኞ ጠዋት ሄጄ በኮምፒውተራቸው ላይ ከፍተው 17ቱን ምልክቶች እንዲያሳዩኝ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የእርሳሱን ቅጅ ይዤ እሄዳለሁ።