አሮጌ የድንጋይ ግንቦች ላይ ሲሚንቶ አትለስኑባቸው

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ። አንድ አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶው ልስን ተነፍቶ ተገንጥሏል፤ ከሥሩ ድንጋዩ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ያበላሸው እድሜ ሳይሆን ጥገናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የዚያ ዘመን ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው፤ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በኖራው በኩል ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል፣ ጨው ውስጥ ይጠራቀምና ድንጋዩን ይፈነቅለዋል።

መጀመሪያ ጣሪያውና አሸንዳው ይጠገን፤ ውሃ እየገባ ልስን ከንቱ ነው። ከዚያ ሲሚንቶው በመሮ ቀስ ተብሎ ይነሳ፤ በድሪል ከሆነ ድንጋዩም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ ልስን አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይሁን። ግድግዳው ቀድሞ በውሃ ይራስ፤ አንዱ የልስን ድርብ ከ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አይብለጥ። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ኖራን ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ለሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውሃ ይርከፍከፍበት።