ቀዩ ከረጢት ስኳር መሆኑን ማንም አልነገረኝም

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኩላሊቶቼ ሥራ ሲያቆሙ በሆድ የሚደረገውን እጥበት መረጥኩ። ታክሲ እየነዳሁ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ መዋል አልችልም ነበር። በምርጫዬ ዛሬም አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነበር። ሆዴ ላይ ቱቦ ገባልኝ፣ ቁስሉ እስኪድን ጠበቅሁ፣ ሰለጠንኩ። የፈሳሹ ከረጢቶች በካርቶን መጥተው መኝታ ቤቱን ሞሉት። በቀን አራት ጊዜ ሁለት ሁለት ሊትር ፈሳሽ አስገብቼ ከሰዓታት በኋላ አስወጣለሁ።

ስልጠናው እጅ መታጠብ፣ ማስክ ማድረግ፣ የቱቦውን ጫፍ አለመንካት ነበር። ልክ ናቸው፤ የሆድ ኢንፌክሽን ይገድላል። የሚወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ ወይም ሆድ ካመመ ሳይውል ሳያድር መደወል ነው። ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ነገር ግን የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው፦ “ቢጫው ደካማ፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ቀዩ ኃይለኛ። ካበጥክ ቀዩን ተጠቀም።”

ተጠቀምኩ። እሁድ ክርስትና ቤት እበላለሁ፣ ሰኞ እግሬ ያብጣል። ቀዩን እሰቅላለሁ፣ ውሃው ይወጣል፣ እብጠቱ ይጎድላል። ስለዚህ ጨው መቀነሱን ተውኩት። ድልሁንም ቋንጣ ፍርፍሩንም እንደ ልቤ በላሁ። በስድስት ወር ውስጥ በቀን ሁለት ቀይ ላይ ደረስኩ። ክሊኒኩ በየወሩ መዝገቤን ያያል። ሁለት ቀይ፣ ሁለት ቀይ ተብሎ ተጽፏል። “ውሃህ ጥሩ እየወጣ ነው” ይሉኛል። ደስ ብሎኝ እወጣለሁ።

ክብደቴ ዘጠኝ ኪሎ ጨመረ። በኋላ የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ፤ ክብደቴ ግን መጨመሩን አላቆመም። ያወቀችልኝ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት ነርስ ናት። ከቅዳሴ በኋላ ቆመን ስናወራ “ጋሼ፣ ቀዩን በቀን ስንት ይጠቀማሉ?” አለችኝ።

“ሁለት።”

“ውይ ጋሼ፣ እሱ እኮ ስኳር ነው!”

ቤት ገብቼ ከረጢቱ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። ዴክስትሮስ 4.25 በመቶ። በሁለት ሊትር 85 ግራም ማለት ነው። ሃያ የሻይ ማንኪያ ያህል። እኔ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ለወራት በየቀኑ የዚያን እጥፍ ሆዴ ውስጥ ስከት ኖሬያለሁ። ውሃውን ከደም የሚስበው ያ ስኳር ነው። ግን ሆድ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሆድ የውስጥ ሽፋን በኩል ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ሲያልቅ ደግሞ የሳበው ውሃ ተመልሶ መግባት ይጀምራል። ዓመታት ሲያልፉ ሽፋኑን ራሱን ይጎዳዋል፤ ይወፍራል፣ ውሃ ማውጣት ያቅተዋል።

ተመረመርኩ። ስኳር ይዞኛል። ዶክተሩ “ከረጢቱ ብቻውን አላመጣውም፣ ግን ገፍቶታል” አለኝ። ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ስጠይቀው “በስልጠናው ላይ ይነገራል” አለ። አልተነገረም! በእጄ የጻፍኩት ደብተር አለኝ። ስለ ሳሙናው ሦስት ገጽ፣ ስለ ስኳሩ አንድ መስመር የለም። በዚህ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። በራሴም እናደዳለሁ። ጽሑፉ ከረጢቱ ላይ ነበር፤ ማንበብ እችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽፋኔ ስኳሩን በምን ፍጥነት እንደሚመጥጥ አስለካሁ። ፈሳሹን አራት ሰዓት አቆይተው ናሙና የሚወስዱበት ምርመራ ነው። ፈጣን ሆኖ ተገኘ፤ ስኳሩን ቶሎ ይመጥጣል። ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ይዞ ማደር ለእኔ ኪሳራ ነበር ማለት ነው። አሁን ሌሊት የምይዘው ኢኮዴክስትሪን የሚባለውን ነው። ከስታርች የሚሠራ ስለሆነ ቶሎ አይመጠጥም፤ ረጅም ሰዓት ውሃ ይስባል። እሱም የራሱ አደጋ አለው። ሰውነት ውስጥ ማልቶስ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ስኳር ይቀየራል፤ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች ማልቶሱን እንደ ደም ስኳር (ግሉኮስ) ይቆጥሩታል። የውሸት ከፍተኛ ቁጥር አይተው ኢንሱሊን የተሰጣቸው ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) አስጠንቅቋል። ካቆሙት በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ያሳስታል። አዲስ አበባ ስሄድ መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ በሌላ ሰው መለኪያ አልለካም።

የተሰጠኝ የምግብ ወረቀት ፖታሺየም ስላላቸው ሙዝና ቲማቲም ይከለክላል። ወረቀቱ በማሽን ለሚታጠቡ የተጻፈ ነው ባይ ነኝ። የእኔ ከረጢት ፖታሺየም የለውም፤ በየቀኑ ያጥበዋል። ወረቀቱን አክብሬ ፖታሺየሜ ወርዶ ጡንቻዬ ዛለ። አሁን የማየው የወሩን የደም ውጤቴን ነው፤ ሙዝም እበላለሁ። የእናንተ ውጤት ሌላ ሊሆን ስለሚችል በእኔ እንዳትሄዱ።

ፕሮቲንም ከፈሳሹ ጋር ይወጣል። ሁዳዴን እንደ ድሮው ጾሜ አልቡሚኔ፣ ማለትም ደሜ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ወረደ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ “ልጄ፣ እንቁላሉን ብላ” አሉኝ።

ከሁሉም ያዳነኝ ግን ጨው መቀነሱ ነው። ሁለቱ ቀይ በሁለት ወር ውስጥ ቀሩ። አሁን ቀን ቀን ቢጫ ነው የምጠቀመው፣ አልፎ አልፎ አረንጓዴ። ከዘጠኙ ኪሎ ስድስቱ ወርዷል። የስኳሩን ኪኒን ግን ዛሬም እወስዳለሁ።