ሁለት ጣት ክፍተት

ሥራዬ ታፒሴሪ ነው፤ ደሴ። የሚኒባስና የአውቶቡስ ወንበር ፈትቼ፣ ስፖንጁን ቀይሬ፣ ሌዘር አልብሼ እመልሳለሁ። ስለዚህ የትም ብሳፈር መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ወንበሩ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት እህቴን ልንጠይቅ ከእናቴ ጋር ዱባይ ሄድን። ያገኘነው ርካሽ ትኬት ነበር። ወንበሩ ሦስት ሦስት ነው፤ እማ መሀል ገባች። ጉልበቷን ያማታል። ከፊቷ ባለው ኪስ ውስጥ የደህንነት ካርዱ፣ መጽሔቱ፣ የማስታወኪያ ከረጢቱና እኔ የሸጎጥኩት ውሃ ተደራርበው አብጠዋል፣ እብጠቱ ደግሞ ልክ ጉልበቷን ይገፋል። ውሃውንም መጽሔቱንም አወጣሁት። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። "አብሽር ልጄ፣ አሁን ተመቸኝ" አለችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ የተጓዘችው በዚያች ሁለት ጣት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙ ሰው ምቾት ሲባል ወፍራም ስፖንጅ ይመስለዋል። ደንበኞቼም "ወፈር አድርገው" ነው የሚሉኝ። ወፍራም ስፖንጅ ግን ቦታ ይበላል፣ ልል ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። ቀጭን ሆኖ ጠንከር ያለ፣ ወገብ ላይ በደንብ የተቀረጸ ስፖንጅ ይሻላል።

በርካሽ አየር መንገዶች ከአንዱ ወንበር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት አንዳንዱ ጋ 28 ኢንች ነው፤ 71 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይሄ ባዶ ቦታ እንዳይመስላችሁ። የወንበሩ የራሱ ውፍረት እዚያው ውስጥ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጀርባው ከጉልበት ትይዩ በሳሳ ቁጥር፣ አንድም ረድፍ ሳይነሳ፣ ለተሳፋሪው እግር ቦታ ይገኛል። ሬካሮ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ኪሱን ከጉልበት አንስቶ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ የሰቀለባቸው ወንበሮች አሉት። እኔ በእጄ ያደረግኩትን እነሱ ከፋብሪካው ጨርሰውታል!

የመሀሉ ወንበር ሌላ ጣጣ ነው። ክርን ከክርን ይጋፋል። ሞሎን ላቤ የሚባል ድርጅት የመሀሉን ትንሽ ወደ ኋላና ዝቅ አድርጎ፣ ከጎንና ጎኑ ካሉት ሰፋ አድርጎ ሠርቷል። ትከሻ ለትከሻ እኩል ስለማይሰለፍ ሁለት ሰው አንድ መደገፊያ ላይ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፣ ክርኑን ያሳርፋል። የወንበሩ ቁጥር አይቀንስም። ይሄን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ያናደደኝም አለ። አቪዮኢንቴሪየርስ የሚባል የጣሊያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ሰው እንደ ቆመ ሆኖ እንደ ኮርቻ የሚፈናጠጥበት፣ በ23 ኢንች ርቀት የሚደረደር ወንበር ይዞ ቀርቦ ነበር። አያቴ በቅሎ ላይ ሲውል ሲደክመው ወርዶ እግሩን ያፍታታ ነበር፤ አየር ላይ ወዴት ይወረዳል?

በእርግጥ የአውሮፕላን ወንበር እንደኛ ሥራ በአንድ ሳምንት ተቀይሮ አይገጠምም። የመሬት ስበትን 16 እጥፍ የሚያህል ግፊት ችሎ መገኘት አለበት። አውሮፕላኑም ግማሹ በር ተዘግቶ እንኳ በ90 ሴኮንድ ሰው የሚወጣበት መሆን አለበት። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2018 የወንበር ስፋትና ርቀት ዝቅተኛ ልክ እንዲወጣ በሕግ አዘዘ፣ በ2022 የሕዝብ አስተያየት ተሰበሰበ። እኔ ብጠየቅ ልኩን የምጀምረው ከጉልበት ነው። ጉልበቱ የሚያመውን ሰው አስቀምጠው ይለኩት።

ከተመለስን በኋላ የአዲስ አበባ መስመር የሚሠራ አንድ ኮስትር መጣልኝ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቱ ወፍራም ስፖንጅ ፈለገ። አንዱን ወንበር ብቻ በኔ መንገድ ልሥራልህ አልኩት፦ ጀርባው ከታች ሳሳ ያለ፣ ኪሱ ወደ ላይ የተሰቀለ። ከኋላው እማን አስቀምጬ ጉልበቷ ጋ ሜትር ዘረጋሁ። አምስት ሴንቲ ሜትር ተገኘ። ሰውየው ሜትሩን ተቀብሎኝ ራሱ ለካ፣ ከዚያ "በል ሌሎቹንም እንደሱ አድርጋቸው" አለኝ።