ግድግዳ የሚበጥሰው ኢንዛይም

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። «ልጄ፣ ያችን ቀይና ቢጫዋን ስጭኝ» ይሉኛል እናቶች። ስከለክላቸው ያዝናሉ፤ እኔም አዝናለሁ። ግን ባክቴሪያ መድኃኒት ሲለምድ ምን እንደሚከተል ስለማውቅ ጨክኜ እምቢ እላለሁ።

ስለ ኢንዶላይሲን ያነበብኩት ልቤን የያዘው ለዚህ ነው። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች አሉ፤ ፋጅ ይባላሉ። ፋጅ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይራባል። መውጫው ሲደርስ የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሠራል፤ ኢንዶላይሲን የሚባለው ይህ ነው። ግድግዳው ሲበጠስ የውስጡ ግፊት ባክቴሪያውን እንደተነፋ ፊኛ ያፈነዳዋል።

በ2001 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የቪንሰንት ፊሸቲ ቡድን ኢንዛይሙን ለብቻው፣ ያለ ቫይረሱ፣ ከውጭ ሞከረው። የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያዎች በሰከንዶች ውስጥ ሞቱ። በሰከንዶች! ደግሞ መራጭ ነው፤ በአብዛኛው ዒላማውን እንጂ የአንጀታችንን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አይነካም።

ችግርም አለው። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ኢንዛይሙ ግድግዳቸው ጋ በቀላሉ አይደርስም። ደም ውስጥ የገባን ስታፍ የተባለ ባክቴሪያ ለማከም የታሰበው ኤክሰባኬዝ የተባለ ኢንዶላይሲንም ሦስተኛ ደረጃ ሙከራው ላይ ሳለ በ2022 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ ከተለመደው ሕክምና የተሻለ ውጤት የማሳየት ዕድሉ ጠባብ ሆኖ ተገኘ። ሳነበው በጣም ከፋኝ። አሁን የእነ ኢ. ኮላይን የውጭ ሽፋን የሚሰነጥቅ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ከኢንዛይሙ ጋር የሚያጣምሩ ተመራማሪዎች አሉ። ዓይኔን የጣልኩት እዚያ ላይ ነው።